ዜጋ ስለሚባሉ ዜጎች

«ዜጋ» የፖለቲከኞቻችን ተወዳጅ ቃል ነው። ምርጫ ሲቃረብ «ክቡራን ዜጎች» እንባላለን፤ ግብር ሲሰበሰብ «ግዴታውን የሚያውቅ ዜጋ» እንባላለን፤ ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ «አስቸኳይ እርዳታ የሚሹ ዜጎች» ሆነን በዜና እንነበባለን። ቃሉ ግን ብዙው አንባቢ የማያውቀው ሌላ ሕይወትም አለው። በአገራችን የሚኖሩ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ከሰው ጆሮ ተሰውረው እርስ በርስ ሲጠራሩ «ዜጋ» ይባባላሉ። ካፌ ውስጥ ተቀምጠው «ያ ልጅ ዜጋ ነው እንዴ?» ቢባባሉ፣ አጠገባቸው ያለው ሰው ስለ ፓስፖርት ወይም ስለ ቀበሌ መታወቂያ የሚያወሩ ይመስለዋል። ስለ እነሱ የሚነገረው ስድብ ሞልቶ በተረፈበት ቋንቋ ውስጥ እነዚህ ሰዎች ለራሳቸው የመረጡት ስም የአገር ባለቤትነት ስም መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከዚህ የበለጠ ፖለቲካዊ ቃል ሊመርጡ አይችሉም ነበር።

ውድ አንባቢያን፤ እስከ ዛሬ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ መሬትና ስለ ጦርነት ብዙ ተነጋግረናል። የዛሬው ርዕስ ከእነዚያ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል፤ እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን ያው የአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ መሆኑን ታያላችሁ። እኔ የሰሜን ወሎ ሰው ነኝ። ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ ተወልጄ ወልድያ ተምሬአለሁ። ዜጋም ነኝ፤ በሁለቱም ትርጉሙ። ስሜን የማልጽፍበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 ነው፤ ሁለተኛው ዛሬም መርሳ ላይ ቡና አፍልታ ጎረቤት የምትጠራ እናቴ ናት። ሕጉ እኔን ሊያስረኝ ይችላል፤ ወሬው ግን የሚያስረው እሷን ነው።

መርሳን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተዘረጋች፣ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። አውቶቡስ ቆም ሲል በመስኮት በኩል ፍራፍሬ የሚዘረጋባት፣ አዛኑና ቅዳሴው በአንድ ንጋት የሚሰማባት አገር ናት። ወሎ ውስጥ የአባቱ ስም መሐመድ፣ የራሱ ስም ተስፋዬ የሆነ ሰው ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ዱዓ ላይ ክርስቲያኑ ተቀምጦ «አሚን» ይላል፤ ለክርስቲያኑ ሠርግ ሙስሊሙ ድንኳን ይተክላል፤ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ደስታው ግን አንድ ነው። ይህን የማነሳው ወሎን ለማወደስ ብዬ አይደለም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የማይታረቁ የሚመስሉ እውነቶችን አቻችሎ ማኖር ለዚህ አገር ሰው አዲስ ጥበብ አለመሆኑን ለማስታወስ ነው።

ካሴቶቻችን

የአማርኛ ሰዋስው ለዜጋ ልጅ ምሕረት የለውም። እንግሊዝኛ የሚወደደው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ሳይለይ በአንድ ቃል ያልፋል፤ አማርኛ ግን ግሡ ሳያልቅ ምስጢሩን ያወጣዋል። «እወድሃለሁ» እና «እወድሻለሁ» መካከል ያለው አንድ ፊደል ነው፤ ያቺ አንድ ፊደል ግን በእኔ ጉርምስና ከአንድ ተራራ ትከብድ ነበር። ጥላሁን ገሠሠም ሆነ ማሕሙድ አሕመድ ሲያንጎራጉሩ የሚጠሯት «አንቺ» ናት። ዘፈናቸውን እወደዋለሁ፤ ዘፈኑ ግን የሌላ ሰው ደብዳቤ ነበር፤ እኔ ፖስተኛው ብቻ ነበርኩ።

ስለዚህ ሴቶቹ ዘንድ ሄድኩ። አስቴር አወቀ «አንተ» ብላ ስትጣራ፣ ያን ቃል ሳልዋሽ አብሬያት ልለው እችል ነበር። የማሪቱ ለገሠ አምባሰል ከቴፑ ሲፈስ ቤተሰቡ ሁሉ የአገሩን ዜማ ያደምጣል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ዜማ ውስጥ ለራሴ የሚሆን ቦታ እፈልጋለሁ። ኋላም እጅጋየሁ ሽባባው መጣች። «ይህ ልጅ የሴት ዘፈን ብቻ ነው እንዴ የሚወደው?» የሚል አጎት አላጣሁም፤ ነገር ግን የወሎ ልጅ ዘፈን ቢወድ ማን ይጠረጥረዋል? ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ አይደለምን? ሰምና ወርቅን የፈጠረ ሕዝብ ልጅ መሆን በዚህ ረገድ ጠቀመኝ። ሰሙን ለቤተሰቡ ትቼ ወርቁን ለራሴ እወስድ ነበር።

ከዚያ የፈረንጅ ካሴት አለ። በደሴና በወልድያ መካከል የሚመላለሱ አውቶቡሶች ሾፌሮች ከአምባሰሉና ከመንዙማው ቀጥሎ የሚያጫውቱት የእንግሊዝኛ «ስሎው» ነበራቸው። ከእነዚያ ሁሉ ልቤን የወሰደው ጆርጅ ማይክል ነበር። ምክንያቱን ያኔ አላውቀውም ነበር፤ ዛሬ ግን ሰዋስው ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያፈቅረው ሰው ማን እንደሆነ ዘፈኑ ውስጥ ቋንቋው አይናገርበትም። ለእኔ እንግሊዝኛ የሥልጣኔ ወይም የሥራ ቋንቋ ከመሆኑ በፊት ገበና የሚያወጣ ቅጥያ የሌለበት ቋንቋ ነበር። ዘፋኙ ወንዶችን የሚወድ ሰው መሆኑን በ1990 ዓ.ም. በአደባባይ ሲናገር ሰማን። ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ ካሴቱን የጣለ ሾፌር አላየሁም። ድምፁ ያው ነበር።

ገና መሆኑን የሚያውቁት

የእነዚህ ድምፆች ነገር ከወሎ ጋር የተሳሰረው ግን በፍቅር ዘፈን ብቻ አይደለም። በረሃብም ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ፣ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸውን ምስል ይዞ፣ በወቅቱ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ከነበረችው ኮረም ያቀረበው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። የዚያ ረሃብ ሟቾች ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ያሰባሰቧቸው ሙዚቀኞች «ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ?» የተሰኘውን የእርዳታ ዘፈን ቀረጹ። ከዘፈኑ ብቸኛ ድምፆች መካከል የጆርጅ ማይክልና የቦይ ጆርጅ ይገኙበታል። የጆርጅ ማይክል ቡድን «ዋም» በዚያው ወር ያወጣው «ላስት ክሪስማስ» ያስገኘውን ገቢም ለዚሁ ረሃብ ለገሰ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ «ላይቭ ኤይድ» ተብሎ በሚታወቀው ኮንሰርት ላይ በዌምብሌይ ስታዲየም የ«ኩዊን»ኑ ፍሬዲ ሜርኩሪ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሕዝቡን በእጁ አስገባ፤ ኤልተን ጆን በተራው ወጥቶ ጆርጅ ማይክልን መድረኩ ላይ ጋበዘው።

እንግዲህ ቁጠሩ። ኤልተን ጆን ዛሬ ከወንድ ጋር በሕግ ተጋብቶ የሚኖር ሰው ነው። ቦይ ጆርጅም የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው። በዛንዚባር የተወለደው ፍሬዲ ሜርኩሪ ወንዶችንም ሴቶችንም ወዶ ኖሮ በኅዳር 1984 ዓ.ም. በኤድስ ሳቢያ አረፈ። ጆርጅ ማይክል በዌምብሌይ መድረክ ላይ ሲቆም ገና 22 ዓመቱ ነበር፤ ማንነቱንም ከሕዝብ የሸሸገበት ጊዜ ነበር። በ2009 ዓ.ም.፣ ልክ በፈረንጆቹ የገና ዕለት፣ ከዚህ ዓለም ተለየ። እናቴ በዚያ ዘመን ለእርዳታ ስንዴ ከተሰለፉት የሀብሩ ሴቶች አንዷ ናት። እነዚህ ሰዎች ለእሷ ዘፍነዋል ማለት ማጋነን አይሆንም።

በእርግጥ ዘፈኑ ራሱ ስንት የሚተች ነገር አለው! ገና የሚከበርበትን ጥንታዊ ሥርዓት ጠብቆ የኖረውን፣ በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 በላሊበላ ዋሻ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ አእላፍ ሆኖ የሚያድረውን የወሎ ክርስቲያን «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የለየለት ድንቁርና ነው። በዚያ ረሃብ ውስጥ የደርግም ሆነ የጦርነቱ እጅ እንደነበረበትም ዘፈኑ አይናገርም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ደግሞም አንድ ሰው ተነሥቶ «ስንዴ ስለሰጡን ኃጢአታቸውን እንቀበል እንዴ?» ቢለኝ መልሴ «አይሆንም» ነው። መብት በእርዳታ ስንዴ የሚለወጥ ነገር አይደለም፤ እኔም የሰው አገር ዘፋኝ ዋስ እንዲሆነኝ አልፈልግም። የምለው ሌላ ነው። «እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ዘንድ የለም፤ ነገሩ ክፋት ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር ከገዛ ታሪካችን ጋር ይጋጫል። ክፉ የተባሉት ሰዎች ድምፅ አንድ ክፉ ዓመት ላይ ከእኛ ጎን ነበር፤ እኛም ድምፁን ወደድነው። ሰውየው ማን እንደሆነ ከማወቃችን በፊት ያወቅነው ሰውነቱን ነው። ሁሉም ዜጋ የሚለምነው ይህችኑ ቅደም ተከተል ነው።

«ከውጭ የመጣው» የቱ ነው?

በዚህ ጉዳይ ከሚሰነዘሩ ክርክሮች ሁሉ ተደጋግሞ የሚሰማው «ይህ ከምዕራባውያን የተጫነብን ባዕድ ልማድ ነው» የሚለው ነው። እስቲ በሕግ መጽሐፋችን እንመዝነው።

በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነት በዘመናዊ ሕጋችን ወንጀል ተብሎ የተጻፈው በ1949 ዓ.ም. በወጣው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ አንቀጽ 600 ላይ ነው። ሕጉ ሲወጣ አገራችን ውስጥ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ የመብት ተሟጋች ድርጅት አልነበረም፤ የኢንተርኔት ሐሳቡም አልነበረም። የሌለን ነገር በሕግ የሚከለክል ማን ነው? የሚያስገርመው ግን ሌላው ነው። የሕጉ አርቃቂ የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። የእርሳቸው አገር ስዊዘርላንድ በፈቃደኛ አዋቂዎች መካከል የሚፈጸመውን ይህንኑ ግንኙነት መቅጣት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1942፣ ማለትም የእኛ ሕግ ከመውጣቱ 15 ዓመት ቀደም ብላ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ የአገር ውስጥ ናቸው፤ አንቀጹን የጻፈው እጅ ነው ከውጭ የመጣው።

ያ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ተተክቶ አዲሱ የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ አንቀጽ 630 ማክበጃ ምክንያቶችን ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 631 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ይመለከታል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር መናገር ግዴታዬ ነው። ልጅን የደፈረ ሰው መቀጣት አለበት፤ ተደፋሪው ወንድ ልጅ ቢሆን ሴት ልጅ ያው ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ሕጉ ራሱ በ629 እና በ631 መካከል ልዩነት ያደረገው ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው ነው። የአደባባዩ ወሬ ግን ሁለቱን ሆን ብሎ ይደባልቃቸዋል። ሲደባልቃቸው የሚጎዳው ዜጋው ብቻ አይደለም። በቤቱ፣ በዘመዱ ወይም በሚያምነው ትልቅ ሰው የተደፈረው ብላቴናም ይጎዳል፤ «እኔም ያንን ስድብ እባላለሁ» ብሎ ይፈራና የደረሰበትን ሳይናገር ያድጋል።

የዘመቻው የቀን መቁጠሪያ

ጥላቻ በየዕለቱ አለ፤ ዘመቻ ግን ወቅት አለው። ያለፉትን ዓመታት መለስ ብለን እንይ።

ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የሃይማኖት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲገባ ጠየቁ። ኅዳር 2004 ዓ.ም. ስለ ኤድስ የሚመክረው የአፍሪካ ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ፣ ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ጤና የሚወያይ ስብሰባ ተዘጋጅቷል በመባሉ ሌላ ቁጣ ተቀሰቀሰ። በ2006 ዓ.ም. ድርጊቱን ይቅርታ ከማያሰጡ ወንጀሎች ተርታ የሚያሰልፍ ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ ለሚያዝያ 18 ደግሞ የተቃውሞ ሰልፍ ታቅዶ ነበር። በወቅቱ የመንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩት አቶ ሬድዋን ሁሴን ነባሩ ቅጣት በቂ መሆኑን ገልጸው፣ ረቂቁም ሰልፉም ቀረ። ለአንድ ጊዜ ያህል ኢሕአዴግ ሰልፍ በመከልከሉ ልቤ አላዘነም፤ የመሰብሰብ መብት ጠበቃ ነኝ ለምል ሰው ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ ጉዳዩ ወደ ዞናችን መጣ። መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገ፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መንገደኞችን የሚያስጎበኝ «ቶቶ ቱርስ» የተባለ ድርጅት በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ላሊበላን ጨምሮ ኢትዮጵያን ሊያስጎበኝ ማቀዱ ተሰማ። የሃይማኖት ማኅበራት መንግሥት ጉብኝቱን እንዲከለክል ጠየቁ፤ ቢመጡ ጉዳት እንደሚደርስባቸው የሚያስጠነቅቅም ነበር። የአማኙን ቅር መሰኘት ልረዳው እችላለሁ፤ ላሊበላ ሙዚየም ሳይሆን ሕያው የጸሎት ቦታ ነው። ነገር ግን ለዘመናት የመጣውን እንግዳ እግር አጥቦ ያሳደረ አገር፣ መንገደኛን ገና ሳይመጣ «እንጎዳሃለን» ሲለው ከእንግዳው ይልቅ ራሱን ነው የሚያጎድፈው።

ከሁሉም የከፋው ግን የነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎች፣ ባሮችና መሰል ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታውቆ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጥሪ አቀረበ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ የሰዎች ፎቶግራፍና ስም እየተለጠፈ «ይገረፉ፣ ይገደሉ» የሚሉ ቪዲዮዎች ተሠራጩ። «ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ» የተባለው የመብት ድርጅት ኩባንያው ቪዲዮዎቹን እንዲያነሣ ተማጸነ። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ፆታንና አካል ጉዳትን ይዘረዝራል፤ እኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለንም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ምን ይካሄድ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ ሰሜን ወሎም ከጦርነት ገና ሳያገግም ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቶ ነበር። አንዱ ሌላውን ለመሸፈን ታቅዶ ነው አልልም። ነገር ግን ኑሮ የተወደደበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ሕዝብ ቁጣውን የሚያሳርፍበት ፈልጎ ሲያጣ፣ መሣሪያ የሌለው፣ ጎሳ የማይቆምለት፣ ምክር ቤት ውስጥ አንድ ወንበር የማይናገርለት ሰው ፊቱ ላይ ቢቀርብለት ምን ያደርጋል? ዜጋው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የሚመታው ሁሉ ዋጋ አይከፍልበትምና።

ገበና

የእኛ አገር ሰው «ገበና» የሚለው ትልቅ ሐሳብ አለው። የጎረቤትህን ጓዳ ብታይም አላየሁም ትላለህ፤ ብትሰማም አልሰማሁም ትላለህ። እኔ ባደግሁበት ዘመን ሀብሩ ውስጥ ሳያገቡ ያረጁ፣ ከአንድ ጓደኛቸው ሳይለዩ የኖሩ ወንዶች ነበሩ። ሰው ስለ እነሱ ምን እንደሚያስብ እግዜር ይወቅ፤ በአፉ ግን «ትዳር አልወጣለትም» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ተቀባይነት አልነበረም። ግን ጣሪያ ነበር፤ ብዙዎቻችን በዚያ ጣሪያ ሥር ነው ያደግነው።

ነገር ግን የገበናን ውለታ ብቻ ቆጥሬ ዕዳውን ብተው ታሪኩን ጎዶሎ አደርገዋለሁ። ወልድያ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ሥራውንም ዕድሜውንም አልናገርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢንተርኔት የተዋወቀው ሰው ቀጥሮት ከሌሎች ሁለት ጋር ጠበቀው። ስልኩን ነጠቁት፤ ደበደቡት፤ ከዚያም ለወራት ያህል «ለቤተሰብህ እንነግራለን» እያሉ ደመወዙን ተካፈሉት። ማስፈራራት፣ ዝርፊያና ድብደባ በሕጋችን ወንጀሎች ናቸው። ወዳጄ ግን ጣቢያ ሄዶ ሊያመለክት አልቻለም፤ ቃሉን ሲሰጥ በገዛ አንደበቱ አንቀጽ 629ን ይናገራልና። ስለዚህ ያ አንቀጽ በተግባር የሚጠብቀው ማንን እንደሆነ ልጠይቃችሁ። ሃይማኖትን ነውን? ቤተሰብን ነውን? ወልድያ ላይ የጠበቀው ሦስት ዘራፊዎችን ነው።

ጤናም እንዲሁ ነው። ብሔራዊ የኤች አይ ቪ መከላከል ዕቅዶቻችን ሴተኛ አዳሪዎችን፣ ታራሚዎችንና የረጅም ርቀት ሾፌሮችን ለይተው ይጠቅሳሉ፤ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶችን ግን ሳይጠሩ ያልፋሉ። ቫይረሱ ግን ዕቅዱን አንብቦ አይደለም የሚተላለፈው። ሐኪም ፊት ቀርቦ እውነቱን መናገር የማይችል ወንድ፣ በቤተሰብ ግፊት ያገባት ሚስት ልትኖረው ትችላለች። ስለዚህ የዝምታው ዋጋ በዜጋው ቤት ብቻ አይቀርም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትወድቅ የሀብሩ ሰው ወደ ደሴ ተሰደደ። መርሳና ውርጌሳ የጦር ሜዳ ሆኑ። ከተማይቱ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በዚያው ቆየች። ደሴ ውስጥ በአንድ ክፍል አሥራ አምስት ሆነን ስናድር፣ ያ ወዳጄ ለሽማግሌዎቹ ውኃ ይቀዳ ነበር፤ ሕፃናቱን ያስቅ ነበር፤ ሌሊት የሚያቃስቱትን ያገላብጥ ነበር። ማንም ማንን እንደሚወድ አልጠየቀውም። ሁላችንም ተፈናቃይ ነበርን፤ በዜናውም «ተፈናቃይ ዜጎች» እንባል ነበር። አገር ሰውን በእኩልነት የምታቅፈው ስትፈርስ ብቻ መሆን አለበትን?

ምን ይደረግ?

ከንቱ ምኞት አልመኝም። ነገ ጠዋት ምክር ቤቱ አንቀጽ 629ን ይሽራል ብዬ አልጠብቅም፤ ይሻር ማለቴን ግን አልተውም፤ ሁለት አዋቂዎች በፈቃዳቸው በቤታቸው ለሚያደርጉት ነገር እስር ቤት መፍትሔ አይሆንምና። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወታቸው የተጠበቀ መሆኑን ደንግጓል። ክርክሩ በሕግ ባለሙያዎች መካከል ይጀመር። ካህኑና ሼሁ በእምነታቸው መሠረት ያስተምሩ፤ መብታቸው ነው። ኃጢአትን መምከርና ሰውን መቀጥቀጥ ግን አንድ እንዳልሆኑ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በየስብከታቸው አንድ ጊዜ «እጃችሁን አታንሡ» ቢሉ ከአሥር የመብት ድርጅት በላይ ይሰማሉ።

ከፖሊስ የምጠብቀው ከዚህም ያነሰ ነው። የተዘረፈና የተደበደበ ሰው ሲመጣ የዘረፋውንና የድብደባውን ቃል ብቻ ይቀበል። ከጤና ባለሙያው ደግሞ የማይደናገጥ ፊት ብቻ።

ከእናንተ፣ ከተማርን ከምንባለው፣ የምጠይቀው ደግሞ ለማናችንም አይከብድም። አንድ ቀን በስልካችሁ ቪዲዮ ይመጣላችኋል። አንድ የማታውቁት ልጅ ፊቱ ይታያል፤ ሰፈሩ ይጠራል፤ ሥሩ ላይ ሰዎች እየሳቁ ሞቱን ይመኙለታል። ያ ልጅ የአንዲት የመርሳ ሴት ልጅ ሊሆን ይችላል። ለማንም አትላኩት፤ የላከላችሁን ሰውም በስሙ ጠርታችሁ «ይህ ነውር ነው» በሉት።